ለቤዝ ጊታር ፍላት ክር ሲመረጥ፦ ከድምፁ በፊት ውጥረቱ

ለኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታሩ ፍላትዋውንድ ክር ሊገዛ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ክር ወፈር ያለ፣ የትኛውስ ጠራ ያለ ድምፅ እንዳለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። አንድ ክር ተገጥሞ ለዓመታት የሚቆይበት ወይም በሳምንቱ ተፈትቶ መሳቢያ ውስጥ የሚጣልበት ምክንያት በአመዛኙ ጣት የቻለው ወይም ያልቻለው ነገር ነው። ድምፁን በአምፕሊፋየሩ፣ በቶን ቁልፉ፣ ቀኝ እጅ ክሩን በሚመታበት ቦታ ጭምር ወደሚፈለግበት አቅጣጫ መግፋት ይቻላል፤ ክሩ በጣት ሥር የሚሰጠውን መልስ ግን የትኛውም ቁልፍ አያስተካክለውም። ስለዚህ በገበያ የታወቁትን ፍላት ክሮች እዚህ የማነጻጽራቸው መጀመሪያ በውጥረታቸው፣ ቀጥሎ በተሠሩበት ብረት፣ በመጨረሻም በአምራቹ ስም ነው።

የቤዝ ክር ሁሉ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ መሀል ላይ ጠንካራ የብረት ሽቦ አለ፣ በላዩ ሌላ ሽቦ ይጠመጠማል። የላይኛው ጥምጥም ክብ ሽቦ ከሆነ ክሩ ራውንድዋውንድ ይባላል፤ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ብሎን ጥርስ ይሻክራል፣ ጣት በላዩ ሲንሸራተትም ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል። ፍላትዋውንድ የሚባለው የላይኛው ጥምጥም እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነበት ነው፤ ጥብጣቡ ጠርዝ ለጠርዝ ተጋጥሞ ስለሚጠመጠም የክሩ ገጽ እንደ ተወለወለ ዘንግ ይለሰልሳል። በዚህ ልስላሴ ምክንያት የጣት መንሸራተት ድምፅ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ፍሬቶቹም (በአንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ቶሎ አይበሉም፤ ፍሬት በሌለው ቤዝ ላይ ደግሞ ክሩ እንጨቱን እንደ ሞረድ አይፈገፍገውም። በድምፅ በኩል የላይኛዎቹ ሐርሞኒኮች፣ ማለትም ከዋናው ኖታ በላይ አብረውት የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች፣ ቶሎ ስለሚሞቱ ኃይሉ ወደ ዋናው ኖታ ይሰበሰባል።

ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ሲያወጣ ፍላት ክር እንደ ልዩ ምርጫ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ቤዝ ክር ማለት እሱ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የእንግሊዙ ሮቶሳውንድ በ1966 ከዘ ሁ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሠርቶ ስዊንግ ቤዝ 66 የተባለውን ራውንድ ክር ካወጣ በኋላ እንደ ፒያኖ የሚያቃጭለው ድምፅ የብዙዎችን ልብ ወሰደ። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጡት ቤዞች አብዛኞቹ ራውንድ ተገጥሞላቸው ስለሚመጡ፣ ዐሥር ዓመት ተጫውቶ ፍላት ክር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሙዚቀኛ ቢያጋጥም አያስገርምም።

ይህ ርቀት አንድ የተሳሳተ እምነት አስፋፍቷል፤ ፍላት ክር ሁሉ የታፈነ፣ እንደ ከበሮ «ዱም» ብሎ የሚቀር ድምፅ ብቻ ያለው ይመስላል። ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እምነቱን ያፈርሰዋል። በዲትሮይቱ ሞታውን ስቱዲዮ የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን በ1962 በተሠራው ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ወፍራም የላ ቤላ ፍላት ክር ነበረው፤ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም፤ በብሪጁ (ክሮቹ በቤዙ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ክዳን ሥርም ክሩን የሚያፍን ስፖንጅ ነበር። የአይረን ሜይደኑ ስቲቭ ሃሪስ ደግሞ የሮቶሳውንድ ፍላት ክር እየተጠቀመ፣ እያዘወተረም በአዲስ እየቀየረ፣ ክሩን ከፍሬቱ ጋር እያጋጨ የሚጫወት የሄቪ ሜታል ሰው ነው። የአንዱ ድምፅ ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ ይገፋል፣ የሌላው ጊታሮቹን ሰንጥቆ ይወጣል። ሁለቱም ፍላት ናቸው። ልዩነቱን ያመጡት የክሩ ብረት፣ ዕድሜው፣ ማፈኛው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እጆቹ ናቸው።

ማን አይግዛው

ከማነጻጸሩ በፊት ፍላት ክር የማይሆነው ሰው አለ። ዋና ሥራው ስላፕ የሆነ ተጫዋች፣ በአውራ ጣት ሲመታና በሌባ ጣት ሲስብ የሚጠብቀውን ብልጭታ ከፍላት ክር አያገኝም፤ ትንሽ ቢያገኝም ክሩ አዲስ በሆነባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ነው። ሁለተኛው ችግር ከሙዚቃው ይልቅ ከሚደመጥበት መሣሪያ የመጣ ነው። የቤዝ ዝቅተኛው ኢ ክር በሴኮንድ 41.2 ጊዜ ይርገበገባል፤ የእጅ ስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን ድምፅ ማውጣት አይችልም። በስልክ የምንሰማው ቤዝ ጆሯችን ከላይኛዎቹ ሐርሞኒኮች ተነስቶ የሚገነባው ነው። ሐርሞኒኮቹ በሞቱበት ያረጀ ፍላት ክር የተቀረጸ ዘፈን በትልቅ ስፒከር ደረት እየመታ በስልክ ግን ቤዝ የሌለው ሊመስል ይችላል። አድማጩ በአብዛኛው በስልክ የሚሰማ ከሆነ ከፍላቶቹ ውስጥ ጠራ ያለውን መምረጥ ወይም በቀረጻው ጊዜ ሚድሬንጁን (የድምፁን መካከለኛ ክፍል) ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ኪቦርዱ በግራ እጁ ቤዙን በሚደርብበት የሠርግ መድረክም ፍላት ክር በቀላሉ ይዋጣል፤ እዚያ መፍትሔው ከክሩ ይልቅ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር መነጋገር ነው።

በአንጻሩ ለትዝታ ቅኝት ዘገምተኛ ዜማ፣ ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተቱ ለሚሄዱበት አጨዋወት፣ ለሬጌ፣ ለአሮጌ ሶል፣ ለጃዝ፣ ለመዝሙር አጀብ ከፍላት የሚሻል ክር አላውቅም። በችክችካም ቢሆን የከበሮው ምት ተደጋግሞ በሚመጣበት ቦታ ቤዙ አጭርና ክብ ኖታ እንዲሰጥ ስለሚፈለግ ፍላት ክር ቦታውን አይስትም።

ውጥረት፦ ቁጥሩ የማይነግረው

የአንድ ክር ውጥረት የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በሚቃኝበት ኖታና ክሩ በአንድ ሴንቲሜትር ባለው ክብደት ነው። ሎንግ ስኬል በሚባለው በተለመደው ቤዝ ላይ ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በጎድጎዱ ከሚያልፉበት ቁራጭ) እስከ ብሪጁ ያለው ርዝመት 34 ኢንች ወይም 86.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቅኝቱም ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ነው። ርዝመቱና ቅኝቱ ካልተለወጡ ቀሪው ክብደቱ ብቻ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚጻፉት እንደ 45 እና 105 ያሉት ቁጥሮች የክሩን ውፍረት በኢንች ሺኛ ይናገራሉ፤ 45 ማለት 1.14 ሚሊ ሜትር፣ 105 ማለት 2.67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱን ግን አይናገሩም። ገዢው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ዓይነት አሠራር ውስጥ ክብደት ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። የኢ ክር ከ100 ወደ 110 ሲወጣ ውፍረቱ በ10 በመቶ ጨመረ፣ ውጥረቱ ግን በ21 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጂ ክር ከ45 ወደ 52 ከሄደ ጭማሪው ሲሶ ያህል ነው። አሠራሩ ሲለያይ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ይታመናል ማለት አይቻልም። ራውንድ ክር በጥምጥሙ መካከል አየር አለበት፤ ፍላቱ ግን በጥብጣብ የተሞላ ስለሆነ በተመሳሳይ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ይከብዳል። በራውንድ 45–105 የለመደ ሰው ፍላት 45–105 ሲገጥም ጠጠር የሚልበት ምክንያት ይህ ነው።

ከውጥረት ጋር ተመሳስሎ የሚታይ ግን የተለየ ሌላ ባሕርይም አለ፤ ግትርነት ልበለው። ሁለት ክሮች በመቃኛው ላይ እኩል ተወጥረው አንዱ በጣት ሲገፋ ይታዘዛል፣ ሌላው እንደ ዘንግ ይቆማል። ይህ የሚመጣው ከመሀሉ ሽቦ ውፍረትና ቅርፅ፣ እንዲሁም ጥምጥሙ ምን ያህል ጠብቆ እንደታሰረ ነው። ግትር ክር ኖታው ቶሎ ይቆማል፣ ጠንካራ ምትንም ይችላል። ታዛዡ ክር ለቪብራቶ (ኖታውን በጣት ለማወዛወዝ) እና ለመንሸራተት ይመቻል፤ ኃይለኛ እጅ ሲያርፍበት ግን ተወዛውዞ ከፍሬቱ ጋር ይጋጫል።

እጅ የትኛውን እንደሚወድ ሳይገዙ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አለ። አሁን የተገጠመውን ክር አራቱንም ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘትና አንድ ሰዓት ያህል መጫወት ነው፤ ውጥረቱ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንድ ሙሉ ድምፅ ቢወርድ ቅነሳው 21 በመቶ ገደማ ይሆናል። በሌላ ቀን ደግሞ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መሞከር ይቻላል፤ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። እኔ ይህን ስሞክር፣ ወፍራም ክር የጀግና ክር ነው ብዬ ለዓመታት ስናገር የኖርኩት ሰው፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ባለው ቅኝት ላይ ሩብ ሰዓት ሳልቆይ ትንሿ ጣቴ መዛል ጀመረች። ዝቅ ባለው ላይ ግን የአንድ ልምምድ ጊዜ ሙሉ ሳላስበው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ምርጫዬ ተቀይሯል።

ስሞቹ አንድ በአንድ

ከከባዱ ጫፍ ስንጀምር የላ ቤላ 0760 ኤም ይመጣል። ውፍረቱ 52፣ 73፣ 95፣ 110 ሲሆን የጀመርሰን ድምፅ ሲነሳ ስሙ አብሮ የሚነሳው እሱ ነው። የሚሰጠው ድምፅ ከጅምሩ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን እጅን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውንም ይፈትናል። የቤዙ አንገት ወደፊት ይጎብጣል፣ የነቱም ጎድጎዶች ብዙ ጊዜ ስለሚጠቡት መሞረድ አለባቸው። ጀመርሰን ከኮንትራባስ፣ ማለትም ቆሞ ከሚጫወቱት ትልቅ የእንጨት ቤዝ፣ የመጣ ሰው እንደነበር መርሳት አይገባም፤ ለኮንትራባስ እጅ ይህ ክር ቀላል ነው። ለሌሎቻችን ግን የጀመርሰንን ድምፅ በጀመርሰን ክር ከመፈለግ ይልቅ የዚሁ አምራች መለስተኛ ስብስቦች የሆኑት 760 ኤፍ ኤስ፣ ማለትም 45፣ 65፣ 85፣ 105፣ ወይም ቀጠን ያለው 760 ኤፍ ኤል፣ ማለትም 43፣ 60፣ 82፣ 104 ይሻላሉ። ድምፃቸው ከዚያው ወገን ነው፤ የድካሙ ዋጋ ግን ያንሳል። አንድ ክር ብቻ ምከር ብባልና ስለ ጠያቂው ሌላ ምንም ባላውቅ 760 ኤፍ ኤስ እላለሁ።

በተቃራኒው ጫፍ የቪየናው ቶማስቲክ-ኢንፌልድ ጃዝ ፍላት ጄ ኤፍ 344 አለ። ኒኬል ነው፤ ውፍረቱም 43፣ 56፣ 70፣ 100። እነዚህን ቁጥሮች ከላ ቤላው 760 ኤፍ ኤል ጋር ሲያስተያዩ ጂው እኩል፣ ኢው ደግሞ ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚህ ተነስቶ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ የሚገዛ ሰው ማሸጊያውን ሲከፍት ይደነግጣል። ጄ ኤፍ 344 በጣት መካከል ሲያዝ እንደ ጫማ ክር ይተጣጠፋል ብል ትንሽ አጋነንኩ፤ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ታዛዡ እሱ ነው። ድምፁ መሀል ላይ ይናገራል፤ ኖታው ረዘም ብሎ ይቆያል፣ የዘፋኝ ጉሮሮ ያለው ያህል ከጣቱ ጋር ይሄዳል። ለቪብራቶ፣ ለሶሎ፣ ለዝግታ ዜማና ፍሬት ለሌለው ቤዝ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው፤ በፕሌክትረም (በክር መምቻ) ወይም በኃይል ለሚመታ ሰው ይላላል፣ ዋጋውም ከፍላቶቹ ውድ ከሚባሉት ነው። ከራውንድ ወደዚህ የሚሻገር ሰው የክሩን ከፍታ በጥቂቱ ካላነሳ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

በእነዚህ መካከል የሚቀመጠው የዳዳሪዮ ክሮምስ ነው። ስሙ ክሮም ቢልም የጥምጥሙ ጥብጣብ አይዝጌ ብረት ነው። ኢ ሲ ቢ 81 በ45፣ 65፣ 80፣ 100፣ ኢ ሲ ቢ 82 ደግሞ በ50፣ 70፣ 85፣ 105 ይመጣል። አዲስ ሲሆን ከፍላቶቹ ጠራ ከሚሉት አንዱ ነው፤ አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን «ይሄማ ፍላት አይደለም» ይላል። በየዕለቱ ከተጫወቱበት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የላይኛው ጥራት ረግቦ ወደ ሚጠበቀው ድምፅ ይገባል። ከራውንድ መላቀቅ ለሚፈራ፣ ወይም በአንድ ቤዝ ፖፑንም መዝሙሩንም ለሚጫወት ሰው ልከኛ መሸጋገሪያ ነው። ግትርነቱ ግን መለስተኛ አይደለም፤ ቀጭኑን ስብስብ መምረጥ ብልኅነት ነው።

ሮቶሳውንድ ጃዝ ቤዝ 77 የተሠራው ሞኔል ከሚባለው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ነው። በስቲቭ ሃሪስ ስም የሚሸጠው ስብስብ 50፣ 75፣ 95፣ 110 ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ጠንካራ እጅ እንደሚፈልግ ይናገራል። ድምፁ ቆጣ ይላል፣ ገጹም ከላ ቤላ ይልቅ ጣትን ትንሽ ይይዛል። ለሮክ ተጫዋች ካልሆነ አልመክረውም። የፌንደር 9050 ቤተሰብም አይዝጌ ብረት ነው፤ በቀላሉ ይገኛል፣ ከክሮምስ ብዙም አይርቅም፤ ዋጋው ከረከሰ እሱን መውሰድ ጥፋት የለውም። የኧርኒ ቦል ስሊንኪ ፍላት ኮባልት ያለበት በመሆኑ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) በኃይል ይቀበለዋል፤ ጥራቱ ከክሮምስ ጋር ይፎካከራል፣ ለጣትም ለዘብ ይላል። ባለ 5 ክር ቤዝ ላላቸው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የታችኛው ቢ በፍላት ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ተነጥሎ ይደነዝዛል፤ ስብስቡን ከመግዛት በፊት ቢውን ብቻ የሰማ ሰው ማግኘት ይጠቅማል።

ፍላት ያልሆኑ ሁለት ጎረቤቶችም በምርጫው ውስጥ ይገባሉ። ሃፍ ራውንድ የሚባለው ክብ ሽቦ ከተጠመጠመ በኋላ ገጹ የሚሞረድ ክር ነው፤ እንደ ስሙ መሀል ላይ ቆሞ የሁለቱንም ጣዕም በግማሽ ይሰጣል፤ እኔ እንደ ድርድር ክር ነው የማየው። በጥቁር ናይለን የተሸፈነው ቴፕዋውንድ ግን የራሱ ሰው አለው። እንደ ሮቶሳውንድ ትሩ ቤዝ 88 ያለው ስብስብ 65፣ 75፣ 100፣ 115 ተብሎ ሲጻፍ ያስፈራል፤ ከውፍረቱ ብዙው ቀላል ናይለን ስለሆነ ግን ውጥረቱ ቁጥሩ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ቁጥር ብቻውን እንደማይመዝን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ችግሩ እንዲህ ያለ ወፍራም ክር በነቱ ጎድጎድ ውስጥ ሳይሞረድ አለመግባቱ ነው፤ አንዴ የተሞረደ ነት ደግሞ ወደ ቀጭን ክር አይመለስም።

የቤዙ ርዝመት

ሾርት ስኬል ቤዝ 30 ኢንች ነው። ያንኑ ክር በ30 ኢንች ላይ በተመሳሳይ ኖታ ሲቃኙት ውጥረቱ በ22 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ በረጅሙ ቤዝ ላይ ከባድ የሚባለው ስብስብ በአጭሩ ላይ ተስማሚ ይሆናል፣ ለስላሳው ደግሞ ይላላል። እንደ ሆፍነር 500/1 ያለው የቫዮሊን ቅርፅ ቤዝ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት፤ ስኬሉ አጭር ቢሆንም ክሩ የሚታሰረው ከብሪጁ ኋላ ባለው ቴይልፒስ ላይ ስለሆነ ከተራ ሾርት ስኬል የረዘመ ክር ይፈልጋል። መፍትሔው ሜትር ነው፦ የክሩ ቀለበት ከሚያርፍበት አንሥቶ እስከ ነቱ ድረስ መለካትና ክሩ ሙሉ ውፍረቱን ይዞ ያንን ርቀት ማለፉን ማረጋገጥ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ፍላት ክር እንድታመጣልኝ ለምኛት ነበር፤ ስሙንና ውፍረቱን ነገርኳት፣ ርዝመቱን ግን አልነገርኳትም። ያመጣችው ሾርት ስኬል ሆነ። ስገጥመው በክሩ ጫፍ ላይ ያለው ቀይ የሐር ጥምጥም ከነቱ ወዲያ መዋል ሲገባው በአንደኛውና በሁለተኛው ፍሬት መካከል መጣ፤ አንደኛው ፍሬት ላይ ኤፍን ስጫን ከብረት ይልቅ ሐር እጫን ነበር። ልጅቷ ብዙ ሺህ ማይል ተሸክማ ያመጣችውን ዕቃ አይሆንም ማለት ስለከበደኝ፣ እሷ እስክትመለስ ድረስ ሳምንት ሙሉ ከሁለተኛው ፍሬት በላይ ብቻ ተጫወትኩ።

ሲገጠም

ፍላት ክር ከራውንድ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ትርፉ ሳይታጠፍ በመቁረጫ ከተቆረጠ ጥብጣቡ ከመሀሉ ሽቦ ላይ ይፈታል፣ ክሩም ከጫፉ ጀምሮ ይሞታል። ትርፉ የሚጀምርበትን ቦታ መጀመሪያ በፒንሳ በቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ማጠፍ፣ ከዚያም ከእጥፋቱ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አልፎ መቁረጥ ነው። በመቃኛው ዘንግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር እንዲጠመጠም ከዘንጉ አልፎ ዐሥር ሴንቲሜትር ገደማ መተው ይበቃል። ክሩ በቤዙ አካል ውስጥ ከኋላ አልፎ በብሪጁ ላይ ስል ሆኖ የሚታጠፍባቸው መሣሪያዎች ላይ ፍላት ክር ይጎዳል፤ ብሪጁ ሁለቱንም መንገድ የሚፈቅድ ከሆነ በላይኛው መግጠም ይሻላል።

አራቱ ክሮች በአንድ ጊዜ ከሚፈቱ አንድ በአንድ ቢቀየሩ ለአንገቱ ይበጃል። ተገጥመው ከተቃኙ በኋላ አንገቱ አንድ ሌሊት ይረፍ። በማግሥቱ የጂ ክር በአንደኛውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭኖ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ይታይ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት ተራ ወረቀት ያህል ከሆነ ደህና ነው። ከባድ ክር ተገጥሞ ክፍተቱ ከሰፋ ትረስ ሮዱ (በአንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ዘንግ) ይጠብቃል፤ ለስላሳ ክር ተገጥሞ ክፍተቱ ከጠፋ ይላላል፤ በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፍ። ከዚህ በኋላ ነው ኢንቶኔሽኑ (የኖታው ትክክለኛነት በአንገቱ ላይ ሁሉ) የሚስተካከለው፦ ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የተጫኑት ኖታ፣ ክሩን በዚያው ቦታ ሳይጫኑ ነካ አድርገው ሲመቱት ከሚወጣው ሐርሞኒክ ከፍ ካለ ሳድሉ (በብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ) ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ግትር ክር ይህን ማስተካከያ ከለስላሳው ይልቅ አጥብቆ ይጠይቃል።

ስፖንጅ ማስገባት ምርጫ ነው። በገና ላይ እንዚራው ክሩ እንዲንዘር በክሩና በድልድዩ መካከል ይገባል፤ ስፖንጁ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፣ ኖታው ሳይንዛዛ እንዲቆም ያደርገዋል። በብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር የተቀመጠ የጣት ውፍረት ያለው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ የሚያመጣው ለውጥ ሁለት የተለያዩ ፍላት ክሮች ከሚያመጡት ልዩነት ይበልጣል። የሎስ አንጀለሷ ቤዝ ተጫዋች ካሮል ኬይ በፕሌክትረም እየመታች በክሮቹ ላይ ጨርቅ በማሳረፍ የምታወጣው ያ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅም የተገኘው ከፍላት ክርና ከማፈኛ ነው። ስለዚህ አዲስ ስብስብ ከመግዛት በፊት ስፖንጁ ይሞከር።

ዋጋን በተመለከተ ፍላት ክር ብዙውን ጊዜ ከራውንድ ይወደዳል። ራውንድ ክር ግን ላብና ቆሻሻ በጥርሶቹ መካከል ስለሚሰገሰግ በወራት ውስጥ ይደነዝዛል። ፍላት ክር ቆሻሻ የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ ዓመታት ይኖራል፤ ብዙዎች ባረጀ ቁጥር ይወዱታል። ኖታው በጆሮ ሲቃኝ አልስተካከል ካለ፣ ወይም በፍሬቶቹ ላይ የታችኛው ገጹ ከተሰረጎደ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። አዲስ ስብስብ ሲገጠም ደግሞ አሮጌውን አለመጣል፤ ጠቅልሎ፣ በፖስታ አድርጎ፣ የአምራቹን ስምና የተገጠመበትን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። አዲሱ ካልተስማማ ወይም በሥራ ዋዜማ ከተበጠሰ ያው አሮጌው ክር ይመለሳል።

ክሩ ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ በቃል መላክ አይበቃም። ለአክስቴ ልጅ በቀጣዩ ዓመት በወረቀት የሰጠኋት ይህን ነበር፦ «የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ክር፤ ባለ 4፤ ላ ቤላ፤ 760 ኤፍ ኤስ፤ 45–105፤ ሎንግ ስኬል 34 ኢንች፤ ከቀለበቱ እስከ ነቱ 92 ሴንቲሜትር»። ሻጩ ተመሳሳይ ነው ብሎ ሌላ ከሰጣት እንዳትወስድም ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።